የምስክሯ መልስ የዘገየው በእኔ ጥፋት ስለመሆኑ

ለክቡር የከተማው ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት

ቀን፦ ኅዳር 12

ጉዳዩ፦ ከፕሮግራም እድሳት በኋላ ተዛብቶ የተቀረጸ የምስክርነት ቃል ከፍርድ በፊት እንደገና እንዲሰማ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች የፍርድ ቤቱ የቪዲዮ ቀረጻ ሠራተኛ ስሆን፣ ከዚህ በታች የምዘረዝረው ጥፋት የማንም ሳይሆን የራሴ መሆኑን በቅድሚያ በትሕትና እገልጻለሁ።

1. የመቅረጫው ኮምፒውተር «ፕሮግራሙ ይታደስ?» እያለ ሲነዘንዘኝ ሰነበተ። የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ «እኔ ሳላየው እንዳትነኩት» ብለውን ነበር። እኔ ግን ነዝናዛ አክስቱን «እሺ በቃ» ብሎ እንደሚያሰናብት ሰው ተጫንኩትና ምሳዬን ልበላ ወጣሁ። ስመለስ ታድሶ ጠበቀኝ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

2. በማግስቱ፣ በስርቆት የተከሰሰው የመጋዘን ጥበቃ ጎረቤት የሆኑት አሮጊት የመከላከያ ምስክርነት ሰጡ። ደረጃ መውጣት ስለማይችሉ እሳቸው ምድር ቤት ተቀምጠው፣ የተከሳሹ ጠበቃና ዐቃቤ ሕጉ ፎቅ ላይ ሆነው በካሜራ ጠየቋቸው። እማማ ዕቃው ጠፋ በተባለበት ሰዓት ተከሳሹ የእሳቸውን ጣሪያ ሲጠግን እንደነበር፣ ጥያቄው ከጠያቂው አፍ ሳይወርድ ቶሎ ቶሎ መለሱ። ሲወጡ «ልጄ፣ በደንብ ተናገርኩ?» አሉኝ። «በጣም እንጂ እማማ» አልኳቸው።

3. ከቀረጻ በፊት አጨብጭበን ሁለቱ ክፍሎች እኩል መቀረጻቸውን መፈተሽ የክፍላችን ልማድ ነው። የመዝገብ ቤት ሰዎች «ሰርግ ቤት አደረጋችሁት» እያሉ ሲስቁብን እኔ አፍሬ ትቼዋለሁ። በዚያ ቀንም አላጨበጨብኩም።

4. ዳኞቹ የሚፈርዱት ቀረጻውን አይተው ነው። በቀረጻው ላይ ደግሞ እማማ ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ ዝም ብለው ይቆያሉ፤ መልስ የሚፈጥሩ ይመስላሉ። ኮፒውን ሳወጣ «እኚህ ሴትዮ መልሱን በታክሲ ነው እንዴ የሚያስመጡት?» ያልኩት እኔው ነኝ። ቀልዱ ከእኔ ቀድሞ ሻይ ክበብ ደረሰ፤ ከዚያም ወዲያ ሳይሄድ አይቀርም።

5. የተከሳሹ ጠበቃ መጥተው «እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ሴትዮዋ እንዲህ አላመነቱም፤ ቀረጻህን እይልኝ» ሲሉኝ፣ ሳላይ «ማሽን አይዋሽም» ብዬ መለስኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። ያን ጊዜ እድሳቱ ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም፤ ትዝ ብሎኝ ነው።

6. የጠበቃው ቃል አላስቀምጥ ሲለኝ ቀረጻውን እንደገና ከፈትኩት። መሐል ላይ በጎዳናው ያለፈ የጭነት መኪና ጥሩምባ ይሰማል። መኪናው አንድ፣ ጥሩምባው አንድ፤ በቀረጻው ላይ ግን መጀመሪያ ፎቅ፣ ሦስት ሰከንድ ገደማ ቆይቶ ምድር ቤት ይሰማል። ስለዚህ የዘገየው የምድር ቤቱ ምስልና ድምፅ እንጂ የእማማ ምላስ አይደለም። ለኃላፊው ተናዝዤ የቀድሞውን ፕሮግራም አብረን መለስነው። አጨብጭበን ሞከርነው፤ አሁን እኩል ይቀርጻል። የተቀረጸውን ግን በእርግጠኝነት የምናቃናበት መንገድ አላገኘንም።

ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ፍርዱ ዓርብ ይነበባል። ተከሳሹ ከእማማ ሌላ ምስክር የለውም። ስለዚህ ቀረጻው ከመዝገቡ ተነስቶ የእማማ ቃል ዳኞቹ ባሉበት በአካል እንዲሰማና እስከዚያው ፍርዱ እንዲቆይ በአክብሮት እለምናለሁ። በእኔ ላይ የሚወሰነውን ያለ ክርክር እቀበላለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ይፈቀድልኝ። እማማን ዳግም እንዲመጡ የሚጠራቸው ሌላ መልእክተኛ ከሆነ፣ ያልታመኑት በራሳቸው ድካም ይመስላቸዋል። ደጃፋቸው ድረስ ሄጄ «እርስዎ በደንብ ተናግረዋል፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ብዬ የምጠራቸው እኔ ልሁን።

ከሰላምታና ከእፍረት ጋር

(ፊርማ)
የቪዲዮ ቀረጻ ሠራተኛ