ጎረቤቴን ከእኔ ለለየው መስመር የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ሚስተር ሬይመንድ ኤልስዎርዝ
የምርጫ ወረዳዎች ማካለያ ቦርድ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ ያን ሁሉ መስመር ሲያሰምር የከረመው ቀኝ እጅዎም ድካሙ ወጥቶለት በመልካም ሁኔታ እንደሚገኝ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የኖርዳል መንደር ነዋሪዎች፣ ማለትም ከመንገዱ በስተምሥራቅ የቀረነው፣ ደህና ነን። ከመንገዱ በስተምዕራብ ስላሉት ግን በእርስዎ ውሳኔ መሠረት የሌላ ወረዳ ሰዎች በመሆናቸው፣ በስማቸው ለመናገር አልደፍርም።

ቦርድዎ ባወጣው ማብራሪያ የቀድሞው ሠላሳ አንደኛ የምርጫ ወረዳ «ራሱን የቻለ ታሪክ የሌለው» ሆኖ በመገኘቱ፣ ለሁለት ተከፍሎ ለጎረቤት ወረዳዎች እንዲታደል መወሰኑን በአክብሮት አንብቤአለሁ። ታሪክ የሌለን መሆናችንን እስከዚህ ዕድሜዬ ድረስ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ፣ ዘግይተውም ቢሆን ስላሳወቁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ምናልባት በርቀቱ ምክንያት ሳይታይዎት ቀርቶ ከሆነ በሚል ግን ጥቂት ነጥቦችን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ አያቶቻችን ከኖርዌይ መጥተው ይህን ሜዳ ማረስ ሲጀምሩ፣ ወደ ግዛቱ ምክር ቤት የላኩት የመጀመሪያ ሰው የተመረጠው ከመካከላቸው እንግሊዝኛ በደንብ የሚናገር እሱ ብቻ ስለነበረ ነው። ሌላ መመዘኛ አልነበራቸውም። ይህም ሆኖ የቦርድዎን አባላት ለመሰየም ከዋለው መመዘኛ በአንድ የሚበልጥ ይመስለኛል።

ሁለተኛ፤ ለምክር ቤቱ ይወዳደር የነበረው ኦርሊን ባኬ የምርጫው ቀን ሲቃረብ ማሳው ላይ እንዳለ ልቡ ቆሞ ሞተ። የድምፅ መስጫው ወረቀት ቀድሞ ታትሞ ስለነበር ስሙን ማውጣት አልተቻለም። እያንዳንዳችን ድምፅ ወደምንሰጥበት የመንደሩ አዳራሽ ስንገባ ያሰብነው አንድ ነገር ነበር፤ ባለቤቱ ማርቫ በማግስቱ ጋዜጣ ስትገልጥ ከባሏ ስም አጠገብ ባዶ ቁጥር እንዳታይ፣ ሌላው ባይሰጠው እኔ አንዲት ድምፅ ጣል ላድርግለት የሚል። ሁላችንም በየግላችን ይህን አስበን፣ ለማንም ሳንናገር፣ ድምፃችንን ኮሮጆው ውስጥ ከተትን። ኦርሊን በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። ተፎካካሪው እንኳ ከምርጫው በኋላ በነበረው ምሳ ላይ አንገቱን ደፍቶ «እኔም እኮ ለእሱ ነው የሰጠሁት፤ ማርቫን ምን ብዬ ዓይኗን ላያት?» ሲል ሁላችንም ሰምተነዋል። ማርቫም እያለቀሰችና እየሳቀች «አሁን መቃብሩ ድረስ ሄጄ፣ ኦርሊን ተነስ፣ ስብሰባ አለብህ ልበለው?» ብላ ነበር። በኋላ ወንበሩን ራሷ ተወዳድራ ያዘችው። እንግዲህ ታሪክ ማለት ይህ ካልሆነ፣ የሚባለውን ቃል ቢልኩልኝ እጠቀምበታለሁ።

ሦስተኛ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ ጌይለን ሩድ ነው።

ጌይለን ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ከቤቴ ፊት ለፊት የሚኖር ገበሬ ነበር። እሱ የእርስዎ ፓርቲ ሰው፣ እኔ የሌላኛው። በእያንዳንዱ ምርጫ በአንድ መኪና ወደ አዳራሹ እንሄድ ነበር፤ ልማዳችንም ባለፈው ምርጫ ፓርቲው የተሸነፈበት እንዲነዳ፣ ያሸነፈው ደግሞ ሬዲዮኑን እንዲያዝ ነው። በዚህ አገር እንደሚያውቁት ብዙውን ጊዜ የነዳሁት እኔ ነኝ። እሱ ተራው ሲደርስ ግን በማለዳ ደጄ ላይ ጥሩምባውን እየነፋ «ውጣ እንጂ አንተ ደረቅ! ድምፅህን ላጣፋልህ መጥቻለሁ!» ይለኝ ነበር። ሚስቶቻችን «ሁለታችሁም ቤት ብትቀመጡ ያው አይደል ወይ? ነዳጁስ ቢተርፍ?» እያሉ ይቀልዱብን ነበር። ገብተን አንዳችን የሌላችንን ድምፅ እናጣፋለን፣ ከዚያም የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች የጋገሩትን የፍራፍሬ ፓይ እየበላን ስለ ዝናብ እናወራለን። በመካከላችን ክፉ ቃል ያልገባው በዚህ ይመስለኛል።

ከዚያ የእርስዎ ካርታ መጣ። መስመሩ የሄደው በእኔና በእሱ ደጅ መካከል ባለው መንገድ ላይ ነው። አዳራሹ ተዘጋ፤ የእሱ ምርጫ ጣቢያ ወደ ምዕራብ ሩቅ ሄደ፣ የእኔም ወደ ምሥራቅ እንዲሁ ራቀ። በዚያ ወቅት የጌይለን ሳንባ በእህል አቧራ ተበልቶ፣ ያለ ኦክስጅን ከአልጋው እስከ በሩ መድረስ አይችልም ነበር። በፖስታ መምረጥ ይችል ነበር ይሉኝ ይሆናል። ሴት ልጁም ብላው ነበር። እሱ ግን «በፖስታ የሚላከው የመብራት ሒሳብ ነው። ቬርሊን አጠገቤ ቆሞ ካልተናደደ ምኑን መረጥኩት?» አላት፤ ቬርሊን እኔ ነኝ። እኔ እርስዎን ስረግም ደግሞ የኦክስጅኑን ቱቦ አፍንጫው ላይ እያስተካከለ «ተው አንተ፣ ምክንያት ሳይኖራቸው አይቀርም፤ የተማሩ ሰዎች ናቸው» ይለኝ ነበር። ክቡርነትዎ በዚህ ወረዳ ጠበቃ አጥተው አያውቁም።

የምርጫው ዕለት በረዶ የቀላቀለ ነፋስ ነበር። መጀመሪያ ወደ ምዕራብ እሱን፣ ቀጥሎ ወደ ምሥራቅ እኔን ብለን ተነሣን። መንገዱ አንሸራተተን፤ የኦክስጅኑን ጠርሙስ ለመቀየር ቆምን፤ ደግሞም ቆምን፤ ስንደርስ ቀኑ ዘንበል ብሏል። ደግፌው ገባሁ። እዚያ የምትሠራው ትሁት ሴት ወደ እኔ ዞራ «ጋሼ፣ የእርስዎ ስም እዚህ የለም፤ እዚያ ወንበር ላይ ይጠብቋቸው» አለችኝ። ጎረቤቴ ሲመርጥ እንደ እንግዳ ግድግዳ ተደግፌ አየሁት። ወረቀቱን ሞልቶ እስኪወጣ ረጅም ጊዜ ፈጀ።

ወደ መኪናው ስንመለስ ጨልሟል፤ የእኔ ጣቢያ ሳይዘጋ እንደማልደርስበት ሁለታችንም ገባን። ከዚያ በኋላ የተባለውን፣ ቦርዱ ሲሰበሰብ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝልኝ በትሕትና እየለመንኩ፣ እንዳለ እጽፋለሁ።

«አንተስ?» አለኝ።

«ተወው።»

«ምን ማለት ነው ተወው? ታዲያ እኔ ማንን አጣፋሁ?»

«ማንንም። አሸነፍከኝ በቃ፤ ደስ ይበልህ።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረና «እኔ እንዲህ አድርጌ ማሸነፍ አልፈልግም፣ ቬርሊን» አለኝ። ሬዲዮኑን ሳይነካው ቤታችን ደረስን።

ጌይለን በረዶው ሳይቀልጥ ሞተ። ልቤ ተሰብሯል፣ ክቡር ሆይ። እንዲህ ያለው ቃል ለመንግሥት ሹም በሚጻፍ ደብዳቤ ውስጥ እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ። ሚስቴ ከሞተች በኋላ ማለዳ ተነሥቼ መጀመሪያ የማየው የእሱን ቤት መብራት ነበር። አሁንም በመስኮቱ በኩል እመለከታለሁ፤ የሚበራ ነገር የለም።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ተውኩት። በአዲሱ ወረዳዬ ለሚቀጥለው ምርጫ የቀረበው አንድ ዕጩ ብቻ መሆኑን ሰምቻለሁና፣ ከማማረጥ ድካም ስለገላገሉኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ወረዳችንን መልሱልን ብዬ አልጠይቅም፤ አብሬው ወደ ምርጫ የምሄደው ጓደኛ የለኝም። የምለምነው፣ ከማብራሪያዎ ላይ «ታሪክ የሌለው» የሚለውን እንዲሰርዙልን ብቻ ነው። እርሳሱን አስቀምጠው ላጲሱን ቢያነሡ ይበቃል።

ለሥራዎ መቃናት፣ ለካርታዎ ውበት፣ ለመስመርዎ ቅጥነት ዘወትር የምደነቅ፣ በአንድ ወገን ብቻ ጎረቤት የቀረኝ ታዛዥዎ፣

ቬርሊን ሃውግስታድ
ከኖርዳል፣ ከመንገዱ በስተምሥራቅ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ጌይለን ዕድሜውን ሙሉ የእርስዎ ፓርቲ ታማኝ አባል ስለነበር፣ በቀብሩ ላይ የፓርቲው ሰው ይገኛል ብለን በፊተኛው ረድፍ አንድ ወንበር ይዘን ብንጠብቅም የመጣ አልነበረም። ወንበሩ ባዶ እንዳይቀር እኔ ተቀመጥኩበት፤ ሬሳ ሳጥኑንም በፓርቲዎ ስም ተሸክሜአለሁ። ያለ ፈቃድዎ ስለወከልኩዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ።