ለገበያችን ሹም፣ ስለ ተከለከለችው ምራቂ

ለክቡር አቶ ገብረየስ፣ የገበያችን ሹም
ሰበታ፣ ሰኔ 1959 ዓ.ም.

ጌታዬ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ፣ ጥርስዎ፣ ያ በየቅዳሜው ከሩቅ የምንሰማው ጉሮሮዎ ደህና ነው? እኛ ነጋያ ነን፣ ሰላም ነን፤ ማስታወቂያዎ እስከተለጠፈበት ቀን ድረስማ ይበልጥ ነጋያ ነበርን።

ይህን ወረቀት ከማስታወቂያዎ ስር የለጠፍኩት እኔ ሞቱማ ገርባ ነኝ። ሙጫውን የሠራሁበት ዱቄትም በምራቂ የተገኘ ነው። ትምህርቴ ሁለተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ገበያ ውስጥ ግን አስተማሪ ነኝ። ዘጠኝ ነፍስ ላለበት የእናቴ ቤት አስቤዛ የምገዛው እኔ ነኝ። ቡራዩና ሱሉልታ ጨምረው ቢዞሩ፣ በአንድ ብር እንደኔ ዘንቢል የሚሞላ ጎረምሳ ካገኙ ስሜን ይለውጡት። ምስጢሩ ቀላል ነው፦ ጠዋት አልገዛም። አስራ አንድ ሰዓት ሲል የተፍኪ ባለአህዮች የቀረውን መልሶ መጫን ይሰለቻቸዋል፤ ያኔ ብቅ እላለሁ። የሽልንጉ ሽንኩርት በስሙኒ ይወርድልኛል፣ በላዩም ትንሽ ይመረቅልኛል።

እርስዎ ግን «ሻጭ ሁሉ በተተመነው ዋጋ ብቻ ይሽጥ፤ ሲመሽ ዋጋ መስበርና ምራቂ መጨመር ክልክል ነው» ብለው ጻፉልን። ስላሰቡልን እግዜር ይስጥልን። በርካሽ መግዛት ምን ያህል ሲጎዳን እንደኖረ ገና አሁን ገባን። አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ከሦስት በላይ አልቆጥርም፣ እናደዳለሁ።

አንደኛ፤ እህቴ ገለቴ በሚመጣው ወር ትወልዳለች። የአራስ ገንፎ ያለ ቅቤ እንደማይዋጥ እርስዎም ያውቃሉ። ገዝተን ማስቀመጥ አቅማችን ስላልሆነ፣ ወርቅቱ የምትባለው የተፍኪ ቅቤ ሻጭ በየገበያው የምትመርቅልኝን፣ አውራ ጣት የምታህል ቅቤ፣ እናቴ በማሰሮ ስታጠራቅም ከርማለች። ማሰሮው ግማሽ ደርሶ ነበር፤ ዛሬም ግማሽ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ዘበኛዎ ዱላውን ይዞ መጣና ምራቂዬን ከእጄ ነጥቆ ወርቅቱን «መልሰሽ ውሰጂ» አላት። እሷ ደግሞ «የመረቅኩትን መልሼ ብወስድ ላሜ ትነጥፋለች፣ አልነካውም!» አለች። እኔም ቅቤዬን ሳልይዝ አልሄድም አልኩ። ሦስታችን ስንከራከር ቅቤው ዘበኛዎ መዳፍ ላይ ቀልጦ አለቀ። በሕግዎ የተጠቀሙት የሰፈሩ ውሾች ብቻ ናቸው፤ እጁን እየላሱ እስከ ቤቱ ሸኝተውታል።

ሁለተኛ፤ ባለሱቁ ከድሩ ለደንበኛ ካርቶን ቆርጦ ይሰጥ ነበር። ሳሙናም ጨውም በገዛን ቁጥር ማኅተም ይመታበታል፤ አስር ሲሞላ አንድ ኪሎ ስኳር በነጻ። ስኳሩ ለገለቴ አጥሚት የታሰበ ነበር። «ይሄ ሎተሪ ነው» ብለው ሲያስቆሙት የኔ ካርቶን ዘጠኝ ማኅተም ነበረው። ዘጠኝ፣ ጌታዬ! እናቴ አይጥ እንዳይበላው ብላ ከማርያም ሥዕል ጀርባ ሰክታዋለች። ጠዋት ጠዋት ሥዕሉን ስትስም ካርቶኑንም አብራ ትስማለች።

ሦስተኛው ከታች አለ፤ አይቸኩሉ።

የምለምንዎ ማስታወቂያውን እስከ መጪው ቅዳሜ እንዲያነሱልን ብቻ ነው። ማሰሮው ይጠብቅዎታል፤ የገለቴ ሆድ ግን የእርስዎን ፈቃድ አይጠብቅም።

ባርኔጣ ባይኖረኝም እንዳለው ሰው አውልቄ፣ አንገቴን እስከ ዘንቢሌ አፍ ዝቅ አድርጌ፣ እጅ ነስቼ የምሰናበትዎ፣

ሞቱማ ገርባ
የሰበታ ገበያ አንደኛ ገዢ (ሹመቱን የሰጠሁት ራሴ ነኝ)

ሳልረሳው፤ ሦስተኛው ይኸውልዎ። ባለቤትዎ እሜቴ ፀሐይ ዝናዬን ሰምተው ካለፈው ገና ጀምሮ የእርስዎንም ቤት አስቤዛ የሚያስገዙት እኔን ነው፤ አስራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከነምራቂው። ያን «እጅ ያስቆረጥማል» ብለው ያመሰገኑትን ምስር ወጥ ያስታውሳሉ? ሁለት እፍኙ ምራቂ ነበር። አሁን ግን ሕግ አክባሪ ሆኛለሁ። ማስታወቂያው ካልተነሳ፣ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ለቤትዎ የምገዛው ጠዋት፣ በተተመነው ዋጋ፣ ያለ ምራቂ ነው። ብሩ ለምን እንዳልበቃ ለእሜቴ እርስዎ ያስረዱልኝ፤ እኔ እፈራቸዋለሁ።