በወንድሜ ልክ

ኅዳር 6

አንተ ሰውዬ፣ እማዬ አዲስ የትምህርት ቤት ሱሪ ሰፋችልኝ። ባንተ ልክ። ከደብተሯ ላይ ያንተን ቁጥር አንብባ ነው የቆረጠችው... ሠላሳ ዓመት የሰው ልብስ የሰፋች ሴት! እግሩን ሁለቴ አጥፌ ለበስኩት። "ልክ ሆነህ?" አለችኝ። "ልክ ነው" አልኳት። ምን ልበላት? በሦስት ቀን ትኩሳት ከሄድክ ገና ሃምሳ ቀን ነው። ሱሪው ይጎተታል፣ እኔም እጎተታለሁ።

ኅዳር 8

የሙያ መምረጫ ፎርም ተሰጠን። እስከ ወሩ መጨረሻ መመለስ አለበት። ያልመረጠ፣ ክፍት ቦታ በተገኘበት ይመደባል። "የምትፈልጉትን ጻፉ" አለች የክፍል ኃላፊያችን። የምፈልገውን! ማን ነግሮኝ?

ብትኖር ትስቅብኝ ነበር። "አንተ እኮ ሻንጣ ነህ፤ እጀታህን የያዘ ሁሉ ይዞህ ይሄዳል" ትለኝ የለ? ያኔ ተናድጄ ሦስት ቀን አኮረፍኩህ። በአራተኛው ቀን ታረቅ አሉኝ። ታረቅኩ።

ኅዳር 11

አጎቴ ፎርሙን ሞላው። ለሐዘን እንደመጣ በዚያው ቀርቶ ከኔ ጋር አንድ ክፍል እያደረ ነው። መቼ እንደሚሄድ የሚያውቅ የለም። ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ ሲነዳ ስለኖረ ሰው ሁሉ ተሳፋሪ ይመስለዋል።

"ኤሌክትሪክ" ብሎ ጻፈልኝ። "ወንድምህ የጀመረውን ማን ይጨርሰው? ሁለት ዓመት ተምሮ! መጽሐፉ አለ፣ መሣሪያው አለ።"

"እሺ ጋሼ።"

"የኔ አንበሳ!"

አንበሳ... ኤሌክትሪክ እኮ እፈራለሁ። አምፖል እንኳ የምትቀይረው አንተ ነበርክ።

ኅዳር 14

ፎርሙን አልመለስኩም። ጀግንነት አይደለም። ረስቼው ነው።

ኅዳር 15

ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ ክፍሉ በር ክፍት ነበር። ገብቼ ቆምኩ። አስተማሪው፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የማይጠፋ ሽማግሌ፣ ቀና ብሎ አየኝ።

"ምን ጠፋህ?"

"ለማየት ነው።"

"ማየት በነፃ ነው። መጥረግ ግን ግዴታ።" መጥረጊያውን ሰጠኝ።

ጠረግኩ። ቀጥሎ መላጊያ አስያዘኝ። አንድ ደህና ጣውላ አበላሸሁ። "ጎበዝ! ማገዶ አደረግከው" አለኝ። እየሳቅኩ ወጣሁ። ከዚያ መሳቄ ራሱ አናደደኝ። አንተ ሞተህ እኔ በጣውላ እስቃለሁ?

ኅዳር 16

ዛሬም ሄድኩ።

ኅዳር 17

ዛሬም። የጣውላው ፍቅፋቂ ሳይበጠስ ተጠቅልሎ ወጣልኝ። ኪሴ ከተትኩት። ምን ላደርገው ነው?

ኅዳር 21

እማዬ ልታጥብ ስትል የሱሪውን እጥፋት አየች። ፈታችው። በክንዷ ለካችው። ፊቷ ተለዋወጠ።

"ይሄ የማን ልክ ነው?"

ሱሪውን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ።

"አንተን እኮ ነው!"

"የ... የእሱ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"እንዳታለቅሺ ብዬ።"

"አሁንስ እየሳቅኩ ነው?"

አጎቴ ጥልቅ አለ። "ልጅ አይደል፣ ያድግበታል። ይልቅ ያንን ፎርም መለስክ?"

"አልመለስኩም። ኤሌክትሪክ አልማርም ጋሼ። እንጨት ሥራ ነው የምማረው።" ድምፄ እንደ ፍየል ተንቀጠቀጠ።

"እንጨት? የወንድምህ ድካም ሜዳ ላይ ይቅር?"

"ድካሙ የሱ ነው። እኔ ስለጨረስኩለት አይመለስም።"

እንዴት ከአፌ ወጣ? አጎቴ ወደ እማዬ ዞረ። "ትሰሚዋለሽ?"

"እሰማዋለሁ" አለች፣ ሱሪውን እንደያዘች። "በሟች ልክ አንዴ ሰፍቼለታለሁ። ይበቃዋል። አንተ ደግሞ አትድገመው።"

ኅዳር 22

አጎቴ የጻፈውን ሰርዤ ከላዩ ጻፍኩና ይዤ ሄድኩ። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ "ስርዝ ድልዝ አንቀበልም" አለች። "ሌላ ፎርም ስጪኛ" ብላት "አልቋል!" ኧረ በፈጣሪ! ታዲያ ምን ላድርግ? ስርዙ ጎን ፈርሜበት እዚያው ቆምኩ። ሻይዋን ጠጥታ ጨረሰች፣ አልሄድኩም። ስልክ አናግራ ጨረሰች፣ አልሄድኩም።

"ምን ዓይነት ደረቅ ልጅ ነህ!" ብላ ፎርሙን መነጨቀችኝ። ማኅተሙን መታችበት።

ደረቅ... እኔን እኮ ነው! ብትሰማት ኖሮ።

ኅዳር 26

አጎቴ ትናንት ወደ ቤቱ ሄደ። ሳመኝ፤ "የኔ አንበሳ" ግን አላለኝም።

ዛሬ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ነቃሁ። ከተወለድኩ ጀምሮ አንተ ነበርክ፣ ከዚያ እሱና ራዲዮው። ጸጥታው ያስጠላል። ቅዳሜ ስለሆነ እስከ እኩለ ቀን ብተኛም የሚናገረኝ የለም። አለቀስኩ፤ ደህና አድርጌ። ከዚያ ተነሳሁና በሩን ከነማጠፊያው ነቀልኩት። በተከፈተ ቁጥር መሬቱን እየፈተገ ይጮሃል... ስንት ዓመት በእርግጫ ከፈትነው? ከአስተማሪው በተዋስኩት መላጊያ ከሥሩ ላግኩት።

እማዬ ድምፁን ሰምታ መጣች።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"በሩን እያስተካከልኩ።"

"ማን ንቀል አለህ?"

"ማንም።"

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ የያዘችውን ስፌት አስቀምጣ በሩን በአንድ በኩል ደገፈችልኝ።

"በል ቶሎ በል፣ ይከብዳል" አለች።