የተሰረዘው በሽታ

ውድ ወንድሜ፣

«ለጤናህ እንደምን አለህ?» ብዬ ብጀምር ትስቅብኛለህ። ስለ ጤናህ ሁለት የተማሩ ሐኪሞች ተጠይቀው አልተስማሙም፤ እኔ ማን ነኝና። ደክሞኛልም፤ ስለዚህ ሰላምታውን ዘልዬዋለሁ።

አክስታችን ትናንት ደወለች። «ወንድምሽ ክኒኑን ትቷል፤ እንቅልፍም የለው። ቆሞ ከግድግዳው ጋር ይከራከራል፤ የሚያሸንፈው ደግሞ ግድግዳው ነው» አለችኝ። ሳልወድ ሳቅሁ። ስልኩን ዘግቼ ወደ ስፌቴ ስመለስ ግን የሰው ሱሪ አበላሸሁ።

ለምን እንደተውከው አውቃለሁ፤ አብሬህ ነበርኩና። የመንግሥት ሆስፒታሏ ሐኪም፣ ያቺ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልገው፣ መጽሐፏን ገልጣ «ምልክቱ አንድ ወር ከቆየ ይበቃል» ብላ ያንን ከባድ ስም ሰጠችህ። ክኒኑን ጥቂት ሳምንታት ከወሰድክ በኋላ አስፋልቱን ተሻግረን የግል ክሊኒክ ስንገባ፣ እዚያ ያለው ሐኪም ሌላ መጽሐፍ ገለጠ። «በእኛ ስድስት ወር መሙላት አለበት። ለጊዜው ስሙ ሌላ ነው፤ ቀለል ይላል» አለ። መንገድ ስለተሻገረ ብቻ በሽታው የቀለለለት ሰው ካንተ በፊት ሰምቼ አላውቅም። እናታችንማ ወዲያው፣ «እንግዲያው በዚህኛው ማዶ ቤት እንከራይ» አለች። አባታችን ደግሞ ያልተጻፈ ሦስተኛ መጽሐፍ አለው፤ በእሱ መሠረት አንተ «ንባብ የበዛበት» ነህ።

ወጥተን የክሊኒኩ ደረጃ ላይ ስንቀመጥ፣ የሒሳብ መምህርነትህ መጣብህ።

«እታለም፣ የምርጫ ጥያቄ ሁለት መልስ ከተገኘለት ምን ይደረጋል?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«ጥያቄው ይሰረዛል። ተፈታኙም ነጥቡን በነጻ ይወስዳል።»

እንዲህ ብለህ በሽታህን ሰረዝከው፤ ነጥብህን ይዘህም አክስታችን ቤት ገባህ።

ወንድሜ፣ ለፈተና ያልከው ልክ ነው። ግን ተፈታኙ አንተ አይደለህም፤ የተፈተኑት መጻሕፍቱ ናቸው፤ ቢወድቁም የሚወድቁት እነሱ ናቸው። ሁለቱም ተሳስተው ሊሆን ይችላል። ምናልባት ትክክለኛውን ስም የሚያወጣው ሰው ገና ትምህርት ቤት አልገባም። ሆኖም በስም የተጣሉት ሐኪሞች ያዘዙልህ አንድ ዓይነት ክኒን መሆኑን አይተሃል? በስሙ ተካስሰው በክኒኑ ታረቁ። እሱን ስትወስድ ደግሞ እንቅልፍ ነበረህ፤ አባታችንን ትተርበው ነበር፤ የተማሪዎችህን ደብተር ታርም ነበር። ይህን ከማንም መጽሐፍ አላነበብኩትም፤ አንድ ጣሪያ ሥር ሆኜ አየሁት። ትምህርት ቤት ሲከፈት ክፍልህ ውስጥ ቆመህ ላይህ እፈልጋለሁ። የምፈልገው ይኸው ብቻ ነው።

ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። መጽሐፍ የሚገልጥ ሰው አላስከትልም፤ አባታችንንም አላመጣም። ክኒኑንና የስፌት ሥራዬን ይዤ ነው የምመጣው። በሩን ካልከፈትክልኝ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ እሰፋለሁ። አክስታችን ለጎረቤት የምትለው ይጥፋት፤ የራሷ ጉዳይ ነው። አንተ «ሂጂ» ብትለኝም አልሄድም፤ ብትሰድበኝም መርፌዬን እያየሁ እሰማሃለሁ።

መከራከሩ ሲደክምህ ክፈትልኝ። እኔ እንደሆንኩ አስቀድሞ ደክሞኛል፤ ስለዚህ አልቸኩልም።

እህትህ