ሻለቃ የታሰረ ሰሞን

ግንቦት 11፣ ሰኞ

በግ ሠላሳ አራት። ፍየል አምስት። መሪያቸው ሻለቃ የለም።

ረፋዱ ላይ አገኘሁት። መስቃን፣ እትዬ ተናኘወርቅ ጓሮ፣ አቮካዶው ሥር ታስሯል። ያመሰኳል። ጎህ ሳይቀድ ገብቶ የበርበሬ ችግኟን አንድ መደብ ሙሉ ጨርሶታል።

«ችግኜን ተካ፣ ፍየልህን ውሰድ» አለችኝ።

«ግማሹን ልተካ። ሌላው ከሥሩ ያቆጠቁጣል።»

«እስኪያቆጠቁጥ ይታሰራላ!»

ደንቡ ነው። ማሳ የገባ ከብት ካሳው እስኪሰጥ በባለማሳው እጅ ይቆያል። አልተጨቃጨቅኩም። ይሄ ሙክት የሚበላውን እኔ አውቃለሁ። ጥቂት ቀን ከቀለበችው ራሷ ጎትታ ታመጣዋለች። ለአረፋ በግ ወደ አዲስ አበባ የምንጭነው የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው… ምን አስቸኮለኝ?

ግንቦት 13፣ ረቡዕ

ባለቤቴ ዛህራ መቀመጫ አሳጣችኝ። «ሻለቃ ቀድሞ ካልወጣ አንድ በግ እንኳ መኪና ላይ አይወጣልህም። እያወቅህ ትግደረደራለህ!»

መግደርደር አይደለም። ንግድ ነው።

በእትዬ ደጅ አለፍኩ… እንደ አጋጣሚ።

«እትዬ፣ አልሰለቸሽም?»

«ምኑ?» አጥሯን በእጇ አሳየችኝ። አጥሩን የወረረውን፣ ስንት ገጀራ ያዶለዶመ ቆንጥር፣ ሻለቃ ሙልጭ አድርጎታል።

ይሁን። ቆንጥሩ ሲያልቅ ምን ልታበላው ነው?

ግንቦት 15፣ ዓርብ

ገበያ። ሌላ ፍየል ሞከርኩ፣ ቡናማዋን። አይሱዙው ላይ ወጣች። በጎቹ ተከተሏት… ደስ አለኝ። ከዚያ በወዲያኛው በኩል ዘለለች። በጎቹም ዘለሉ። ሽንኩርት ሻጮቹ መሀል።

ይድነቃቸው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሱም እንደኔ በግ ነጋዴ ነው። እንደኔ እንኳ አይደለም።

«ሙባሪክ! ሻለቃው ታስሮ በማን ልትዘምት ነው?»

በጎቼን ከሽንኩርቱ ላይ ማባረር ያዝኩ። ከሽንኩርት ሻጮቹ ስድብ ለሱ ጊዜ አልተረፈኝም።

ግንቦት 17፣ እሑድ

እትዬ የሻለቃን በጠጥ እየጠረገች ለማዳበሪያ እንሰቷ ሥር ታለብሳለች አሉ። ጎረቤት ሁሉ ይለምናታል። ፍየሉ የኔ፣ በጠጡ የሷ… የት አገር ደንብ ነው?

ግንቦት 20፣ ረቡዕ

የእትዬ ምራት የቤታቸውን በጎች መጠበቅ ትታለች። ሻለቃ ወንዝ ይወስዳቸዋል፣ ሻለቃ ይመልሳቸዋል።

ተሳስቼ ይሆን? ቀለቡን አሰብኩ፣ ሙያውን ረሳሁ።

ግንቦት 22፣ ዓርብ

ጉድ! ሻለቃ የይድነቃቸው መኪና ላይ! የይድነቃቸው በጎች ከኋላው፣ እንደ ሠርገኛ። እትዬ ተናኘወርቅ ጃንጥላ ዘርግታ ዳር ቆማለች። አከራይታዋለች። በሁለት ጆንያ ፉርሽካ።

«እትዬ! የኔ ፍየል እኮ ነው!»

«ያንተ አይደለም ያለ አለ? እኔ አሳሪ ነኝ።»

ገበያው ሳቀ። ከሻለቃ ጋር ዓይን ለዓይን ተያየን። ቀድሞ ዘወር ያለው እኔ ነኝ።

ሰኞ ካልጫንኩ አረፋ አለፈኝ። ከአረፋ ማግስት በጌን ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

ግንቦት 23፣ ቅዳሜ

ሽማግሌ ይዤ ሄድኩ፤ ሀጂ ጀማሉንና ጋሽ ኃይሌን። ችግኙን ሙሉውን ልተካ ቆርጬ።

«ችግኙን ትቼዋለሁ» አለች። «ፍየሉ ይቆይልኝ።»

ክው አልኩ። ግን አላስነቃሁም።

«ሀጂ፣ የታሰረ ከብት ይሠራል እንዴ?» አልኩ፣ እንደማያውቅ ሰው።

«ይበላል እንጂ አይሠራም።»

«አጥር መንጥሯል። በግ ጠብቋል። ተከራይቷል።»

ጋሽ ኃይሌ ጺማቸውን እያሹ፣ «ተናኝ፣ አንቺ እኮ ያሰርሽው አይደለም፤ የቀጠርሽው ነው» አሏት። እሷም ሳቋ አመለጣት። ሻለቃ ካሳውን በጉልበቱ ከፍሏል ተባለ። ፈታሁት።

መንገዱን ሁሉ ወደ ኋላ እያየ መጣ። ወደሷ።

ግንቦት 25፣ ሰኞ

ሁሉም ተጭኗል። የጫንኩት ግን እኔ አይደለሁም።

ሻለቃ መወጣጫው ሥር ሲደርስ ቆመ። ገፋሁት። ለመንኩት። ጨው አቀረብኩለት። ጭራሽ ተኛ! በጎቹም ተኙ። ሾፌሩ ጡሩምባውን ይነፋል… ዛህራ ሻሿን አስተካክላ ወጣች። ስትመለስ ከእትዬ ተናኘወርቅ ጋር ነች።

እትዬ እፍኝ ፉርሽካ ይዛ መወጣጫውን ወጣች። «ና ሻለቃዬ፣ ና የኔ ጌታ!» ብድግ ብሎ ተከተላት። በጎቹ ተከተሉት። አንድም አልቀረ።

ሻለቃን ይዛ ወርዳ ቀሚሷን አራገፈች። «በጎችህ ፍየልህን ይከተላሉ። ፍየልህ እኔን። አንተስ ማንን ልትከተል ነው?»

ማሰብ ብዙ አልፈጀብኝም።

«በጭነት ቀን ከኔ ጋር፣ በሌላው ቀን አንቺ ጋ ይዋል። ጭነቱ ላይም አንቺ አትቅሪብኝ።»

«በጠጡስ?»

«በጠጡ ያንቺ።»

ተጨባበጥን። አንድ ሻለቃ ለሁለት ቤት አይበቃም አለች ደግሞ። እውነቷን ነው።

ከአዲስ አበባ እንደተመለስኩ ከእሷ ጋር ወልቂጤ፣ የሚሠለጥን ወጠጤ ለማየት። መራጯ እሷ ናት። እኔ ገመድ እይዛለሁ።