የሦስተኛው ገቢር ዝምታ

ቪየና፣ ማርች 9 ቀን 1957

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለሬዚ፣ ሞንቴቪዴዮ፤

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ሰዓት ሠሪው ባልሽስ አሁንም እራት ላይ ያንቀላፋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ሽንኩርት ሻጯ ወይዘሮ ቩኮቪች ትናንት በገበያው መሃል፣ “ወይዘሮ ኦቲሊየ! ዛሬም ሊያስለቅሱን ነው? እኔን ይተዉኝ፣ እንባዬን ሽንኩርቱ ጨርሶታል!” ብላ ጮኸችብኝና ገበያተኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቤት ገብቼ ያለ ምክንያት አለቀስኩ።

አርባ አንድ ዓመት ሆነኝ እኮ በመድረክ ላይ። በአሥራ ስድስት ዓመቴ በዚያ በዳር ሰፈር ቲያትር ቤት ትሪ ይዤ ስገባ የነበረኝ ሦስት ቃል ነው፦ “ምሳ ቀርቧል፣ እመቤቴ።” እሱንም አልጋ ውስጥ ሆነሽ ሌሊቱን ሙሉ ያስጠናሽኝ አንቺ ነሽ፤ ያኔ ገና አሥራ ሦስት ዓመትሽ ነበር። ሳስበው ያለ አንቺ ሦስት ቃል እንኳ ይዤ አላውቅም።

ኩሽናችንን ብታዪው ትስቂብኛለሽ። በየመሳቢያው ላይ “ጨው”፣ “ማንኪያ”፣ “ክብሪት” የሚል ወረቀት ለጥፌያለሁ። ለሠራተኛዋ ብዬ ነው። እሷ ግን እንደምታውቂው እዚህ ቤት ከገባች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ያንን የእናትና የልጅ ተውኔት ዘንድሮ እንደገና አወጡት። ባለፈው ቅዳሜ፣ ሦስተኛው ገቢር ላይ፣ ልጄን ሆኖ የሚጫወተው ወጣት ሻንጣውን አንጠልጥሎ በሩ ላይ ቆመ። እኔም ዝም አልኩ። ሰው ትኬት የሚገዛው ለዚያ ዝምታ አይደል? ብቻ ሬዚ፣ ከዝምታው በኋላ የሚመጣው ቃል የለም። ፈለግሁት፣ አጣሁት። ከመድረኩ ጠርዝ ስር ሆነሽ የጠፋኝን ቃል ሹክ ትዪኝ ወደ ነበርሽባት ሳጥን አየሁ። በአንቺ ቦታ የተቀመጠችው ቃል አስታዋሽ፣ ወይዘሮ ክራል፣ አፏን በእጇ ይዛ በአድናቆት ታየኛለች። በዓይኔ ለመንኳት፤ ራሷን ነቀነቀችብኝ!

በኋላ ባፋጥጣት የተውኔቱን ደብተር ገልጣ አሳየችኝ። በሰማያዊ እርሳስ፣ በራስሽ የእጅ ጽሑፍ፣ “ኦቲ እዚህ ጋ ዝም ትላለች። የፈለገ ቢረዝም እንዳትነኳት” ይላል።

“እኔ ምን ላድርግ፣ እመቤቴ? ትእዛዝ ነው ብዬ ነው እኮ!” አለችኝ ልታለቅስ ደርሳ።

ምን ታድርግ? እየተወንኩ ይሁን ጠፍቶብኝ፣ ከትንፋሼ ለይተሽ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ።

እና እዚያው መድረኩ ላይ ከአፌ ምን ወጣ መሰለሽ? “ሬዚ!” ብዬ ጮህኩ። ልጁ ደንግጦ ሻንጣውን ለቀቀው። አዳራሹ በለቅሶ ታመሰ። በማግሥቱ ጋዜጣው፣ እናቲቱ የሞተች ልጇን ስም መጥራቷ ድንቅ አዲስ ሐሳብ ነው ብሎ ጻፈ። ያልተታለለው የበሩ ጠባቂ አቶ ሃቭሊቼክ ብቻ ነው። ካፖርቴን እያለበሰኝ፣ “እህትዎ የሚመጡ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩኝ፤ የሳጥኑን ትራስ ላራግፍላቸው” አለኝ።

ሬዚዬ፣ የዛሬ ስድስት ዓመት፣ በሠላሳ አምስተኛ ዓመት በዓሌ ላይ፣ ለዚያ ጋዜጠኛ፣ “ቃል አስታዋሽ? ለወጉ ነው የምትቀመጠው፤ ፈልጌያት አላውቅም” አልኩት። አንብበሽው አንዲት ቃል ሳትተነፍሺ በሳምንቱ ለሰዓት ሠሪው የጋብቻ ጥያቄ እሺ አልሽ። ያን ዝነኛ ዝምታም የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም። በ1934 ቃሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠፋብኝ መዳፍሽን አንስተሽ ቆይ አልሽኝ፤ አዳራሹ ጸጥ ሲል ነው ቃሉን የሰጠሽኝ። ጭብጨባውን ግን እኔ ወሰድኩ። ይህን ላንቺ ሳልናገር ሃያ ሦስት ዓመት ኖርኩ፤ አፍሬያለሁ።

ሰኞ ዕለት ዳይሬክተሩ ለመጸው አዲስ ውል ይዞልኝ መጣ። “እህትዎን በመርከብ እናስመጣልዎታለን፤ ሳጥኗ ባዶ ይጠብቃታል” አለኝ። እጄ ብዕሩን ጨብጦ ነበር። አስቀመጥኩት። በጁን የመጨረሻዬን እጫወትና በቃኝ ብዬዋለሁ።

ስለዚህ አንቺን የሚጠብቅ ሥራ እዚህ የለም። ተሸጉጠሽ የምትቀመጪበት ጉድጓድም የለም። ያለው በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋሽና እኔ ነን።

ማርያም በባሕሩም በየብሱም ትጠብቅሽ፤ ሰዓት ሠሪውንም ጤና ትስጥልኝ። መምጣት ባይሆንልሽ አልቀየምም። ናፍቀሽኛል፤ ይህንን ማንም ሹክ አላለኝም።

እህትሽ ኦቲ