ትኬት ቆርጠው ሊያዩኝ የመጡት

ልጄ ኢቅራ፣ አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ የሊዝበን ሰው በደግ ዓይን ይይሽ። እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። በረዶው ቀልጧል፤ የአባትሽ ወገብ ግን አልተሻለውም።

በኢሜይል የምትልኪው ኒውስሌተር አንባቢዎች ቅዳሜ አንቺ ባዘጋጀሽው ፕሮግራም ሌክ ስትሪት ያለውን አዳራሽ ሞሉት። ጓደኛሽ ቱባ በር ላይ ቆማ የስልሳ ሰው ትኬት ቼክ አደረገች። የምትጽፊው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አላነበውም፤ ስለ እኔ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሳንቡሳዬን ሊቀምሱ የሚመጡ መስሎኝ ሁለት ቀን ሙሉ ስጠቀልል ነበር።

አንዲት አሮጊት ፈረንጅ እጄን ይዛ፣ «አሁንም ሻኮፒ መጋዘኑ ሥራ ከመግባትሽ በፊት፣ ፓርኪንግ ላይ መኪናሽ ውስጥ ታለቅሻለሽ?» አለችኝ። አባትሽ አጠገቤ ሆኖ ይሰማ ነበር።

ያንን የነገርኩት ለአንቺ ብቻ ነው። አባትሽ ታሞ ቤት ከዋለ ወዲህ ቅስሙ እንዳይሰበር ስንት ነገር እንደደበቅሁት ታውቂያለሽ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሥራ ስወጣ መስኮት ላይ ቆሞ ያየኛል፤ እኔም እየሳቅሁለት ድራይቭ አደርጋለሁ። ሻኮፒ ስደርስ ደግሞ ስልሳው ሰው መኪናው ውስጥ አብሮኝ የተቀመጠ ይመስለኛል። እንባዬም አልወርድም አለ።

ገቢው ጥሩ ስለነበር ሌላ ፕሮግራም አስበሻል አለችኝ ቱባ። እመጣለሁ፤ የቤት ኪራይሽ ከዚያ ገቢ እንደሚከፈል ነግራኛለች።

አላህ ሪዝቅሽን፣ ሲሳይሽን ያስፋልሽ፣ ከክፉ ይሰውርሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ ስትደውዪልኝ፣ የምትሰሚኝ ለራስሽ ይሁን ለአንባቢዎችሽ፣ አስቀድመሽ ንገሪኝ።

እናትሽ ሙፈሪያት